ባለ ሁለት ቤት

የመጀመሪያው ስምንት ነበር፣ ስምንት ሽክርክሪት፣
"መወድስ" አለው እንየው፣ ሳንጨርስ ስም ሲያወጣለት፤
ሰባት ዓመት ቅኔ ቤት ከርሞ ሞጣ የገባ ሰው
ሞተር እንኳ ሲቆጥር በቤት ነው የሚቆጥረው።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ክፍላችን ደጅ
ተነሣ መወድሱ፣ በአቧራና በጩኸት አዋጅ፤
አራት ደቂቃ ሳይሞላ ባትሪው አለቀ፣
በጎረቤት ጎመን ላይ በአፍጢሙ ወደቀ።

እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፤ የማውቀው ቅኔ የለም፣
ግን ቀለብ መስፈር አውቃለሁ፤ አፍ ሲበዛ ቤት አይቆምም።
እያንዳንዱ ሞተር አፍ ነው፣ ራሱን ሊሸከም የሚበላ፣
ስምንት አፍ አንጠልጥሎ ማን ይደርሳል ከቆላ?

ከዓባይ በረሃ ጤና ኬላ ነርሷ ማስተዋል ጽፋ ነበር፣
በካርቶን ክዳን ላይ፦ "እባብ የነደፈው በቃሬዛ ሲወጣ ያድር፤
መድኃኒቱ ከደጋ ሲወርድ የሰባት ሰዓት መንገድ ነው፣ ይሞቃል፤
ሰውየው ግን እስከዚያ መቼ ይጠብቃል?"

ወደ አራት ወረድን፤ ክብር ይእቲ ሆነች።
እርሷም አንድ ቀን፣ ጤፍ ማሳ ላይ፣ አንድ እግሯን አጣች፤
ከአራቱ አንዱ ነደደ፣ ሦስቱ አልቻሉም፣
ተገለበጠች።
ለምትኩ ባሕር ዳር ላክን፤ መንገዱ ግን አልተከፈተም።

ከዚያ ያ ሐሙስ።
ቀሪዎቹን ሞተሮች በአንድነት ስንፈትሽ፣ በሙሉ ኃይል፣
ወፍጮ ቤት ተራ የሚጠብቁት ሁሉ
እህላቸውን ጥለው ሮጡ። አንድ ልጅ ከሚዛኑ ሥር ገባ።
ባለወፍጮው አቶ ገደፋው መጣ፣ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ።
አልተቆጣም።
"ልጆች፣" አለን፣ "ሰማይ ሲያጓራ መሸሽ ለምደናል፤
የእናንተው መድኃኒት መሆኑን ጆሯችን በምን ያውቃል?"

በዚያ ሌሊት መብራት የለም፤ በስልኬ ብርሃን ሥር
እንየው ይሰርዝ ጀመር፣ መስመር ከመስመር።
ሦስት አሰብን፣ ዘአምላኪየ፤ ጎዶሎው ይዟት ዞረ፣
እንደ እንዝርት፤ እሱም ተሰረዘ፣ ቀረ።
"የኔታ፣" አለኝ፣ "መወድሴን ሰምተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣
'ሁለቱ ቤት ያንተ ነው፤ ስድስቱ የማን ነው?'"

ሁለት። ጉባኤ ቃና።
የደጋ አየር ስስ ነው፤ ሰፊ መዳፍ ይወዳል፣
ረጅም ምላስ፣ ቀስ ብሎ የሚዞር፤ ቀስ ያለ ደግሞ አይጮህም።
አንዱ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ሌላው ወደ ግራ፣
አንዱ ሲገምድ አንዱ ይፈታል፣ እንደ ገመድ ሥራ።
በጅራቱ ቆሞ ይነሣል፣ ከላይ ሲደርስ ይጋደማል፣
ክንፉ ያኔ ሥራ ይገባል፣ ሞተሩ ትንፋሽ ያገኛል።
አጥንቱ የእንጅባራ ቀርከሃ ነው፣ ልብሱ የማዳበሪያ ኬሻ፣
መሪው ሁለት ታጣፊ ክዳን፤ ሌላ የለም፣ እስከ መጨረሻ።
ሰሙ ይኼ ነው። ወርቁ ከሆዱ፣ በጥጥ የተጠቀለለች
የእባብ መርዝ ማርከሻ፣ አንዲት ብልቃጥ ነች።

ቅዳሜ ማለዳ ሰደድነው። ወፍጮ ቤቱ ሞልቷል።
ድምፁ ከቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ ነው፤ ማን ቀና ይላል?
አቶ ገደፋው ኩንታል ቆጠረ። ልጁ ሸንኮራውን አኘከ።
ማንም ወደ ላይ አላየም።
እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ረፋዱ ላይ ማስተዋል ደወለች።
"ደርሷል፣" አለች፣ "ከግራር ላይ። ብልቃጧ ደህና ነች።
አንድ ክንፉ ግን ተሰብሯል። ደግሞስ ስመልሰው
ራሱ የትኛው ነው? በየት በኩል ላቁመው?"

ሳቅን። እንየው ሳቁን ሳይጨርስ እርሳሱን ቀረጸ።
"አንድ ቤት ቢሆንስ?"
"አንድ ቤት ቅኔ የለም።"
"የለም፣ ወይስ እስከ ዛሬ የቆጠረው የለም?"

መልስ አልነበረኝም።
ኬሻ ልገዛ ወጣሁ።